ጠመኔ የተቀባው ኩታ

ባለፈው የገበያ ቀን ከወልዲያ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ዳገቱ ላይ ተንተፋትፋ ቆመች። ሹፌሩ የልጅ ልጄ እኩያ ነው። «አይዞዎት እማማ፣ ካንዴላዋ ናት፤ አሁን ትነሳለች» አለኝና ወርዶ ከኋላ ከፈታት። ጣት የማታክል ነገር አወጣ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ እፍ አለባት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረጋት። እኔ ሽንኩርቴን እንደታቀፍኩ ሳቄ መጣ። ልጁ በእሱ የሳቅኩ መስሎት ፊቱ ጠቆረ።

«በአንተ አይደለም ልጄ፣ በአጎቴ ነው» አልኩት።

«አጎትዎ ሹፌር ነበሩ?»

«የለም፣ ካንዲዴት ነበር።»

አሮጊቷ ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጥቷል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ካንዴላዋን መልሶ ገጠማት። ባጃጇም ተነሳች። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን እየላጥኩም ሳቄ አልለቀቀኝም። ካንዴላና ካንዲዴት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን የነገረን የመርሳ መምህራችን ነበር። በዚያ ቃል የተነሳ አጎቴን ግራና ላይ ምን ጉድ ውስጥ እንደከተትኩት ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አገራችንን ያራቆተው ያ ድርቅ ሊመጣ አራት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር የጥጋብ ዘመን ወሬ ነው። እኔ መርሳ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ስላችሁ ሕፃን እንዳልመስላችሁ፤ ዘግይቼ ስለገባሁ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ምላሴም ከእኔ በላይ አድጓል። የአባቴ ቤት ግራና ነው። በዚያን ጊዜ ግራና ለእኔ የሚሆን ክፍል ስላልነበረ መርሳ ከአጎቴ ከሞላ ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው።

አጎቴ ሞላ የአባቴ ታናሽ ነው። መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ጨርቅ ይሸጣል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከሱቁ ብቅ ብሎ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም «እንዴት ከረማችሁ» የሚል፣ ሳቂታ፣ ተናጋሪ፣ ትንሽ ደግሞ ኮራ የሚል ሰው ነበር። አባቴ አራጋው ግን ገበሬ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተቆጥሮ ነው። ግራና ላይ ከአባታቸው የወረሱት መሬት አለ። አንዱ የሌላውን ይነካል፤ አንድ ቦይ ነው ሁለቱንም የሚያጠጣው። ውሃው በተራ ነው የሚለቀቀው፤ ተራውን የሚያስጠብቁት ሰው የውሃ አባት ይባላሉ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኮራረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግንቦት ጠዋት፣ በአባቴ ተራ፣ ውሃው ከላይ ተደፍኖ ወደ አጎቴ ሽንኩርት ሲፈስ ዋለ። የአባቴ በርበሬ በዚያ ሐሩር ጠወለገ፤ ከሞት የተረፈው እፍኝ አይሞላም። አባቴ መርሳ ድረስ ሄዶ ሲጠይቀው፣ አጎቴ «ከብት ረግጦት ይሆናል» አለ። አባቴ ምንም ሳይመልስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የለም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አብረው አይቀመጡም። እኔን ግን ከአጎቴ ቤት አላስወጣኝም። «ኩርፊያው የእኔና የእሱ ነው፤ ትምህርቱ ግን የእሷ ነው» ብሎ ለእናቴ ነገራት።

እኔ ታዲያ በሁለቱ መካከል የፖስታ በቅሎ ሆንኩ። ግራና ስሄድ አባዬ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» ይለኛል። መርሳ ስመለስ አጎቴ ጨርቅ እየለካ፣ ቀና ሳይል፣ «ያ ሰውዬ ጉልበቱን አሁንም ያመዋል?» ይለኛል። ያ ሰውዬ፣ ያ ሰውዬ! የአንድ እናት ልጆች ናቸው እኮ። ከመካከላቸው ቆሜ የማለቅስበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ገበታ ሲበሉ ሳላያቸው የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፌ ከቤት ልወጣ ነው ብዬ እጨነቅ ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አጎቴ ለአራት ዓመት የፓርላማ ወንበር ልወዳደር ብሎ የተነሳው። መርሳ «ሞላ የእኛ ነው» አለ። ከሐራ በኩልም የጨርቅ ደንበኞቹ አይከዱትም። ግራና ግን ፊቱን አዞረበት፤ «የወንድሙን ደጃፍ የማይረግጥ ሰው የእኛን ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው?» ይሉታል አሉ። ግራናን ካላገኘ እንደማይመረጥ ያውቀዋል። ግራና ሄዶ ለመናገር ደግሞ አባቴ ባለበት መቆም ሊኖርበት ነው። እንቅልፍ አጣ። የበሬ ምስል ያለበትን ወረቀት፣ ማለት የመወዳደሪያ ምልክቱን፣ እያየ ሱቁ ውስጥ ሲንጎራደድ ይውላል።

በዚያው ሰሞን ለሚኒስትሪ ፈተና ፎርም እንድንሞላ ተሰጠን። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከላይ «ካንዲዴት» ይላል፣ ቀጥሎ ስም። መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ ወጣት ነበር፤ አንድ ቃል ካገኘ ሥሩን ቆፍሮ ሳያወጣ አይለቅም። ፎርሙን አስቀምጡ አለንና ሰሌዳው ላይ ነጠላ የተጎናጸፈ የሚመስል ሰው ሣለ።

«ይህ ሮማዊ ነው» አለ። «በጥንቷ ሮም ሹመት የሚፈልግ ሰው ልብሱን በጠመኔ አንጥቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። በእነሱ ቋንቋ ካንዲዱስ ማለት ነጭ፣ የሚያበራ ማለት ነው። ስለዚህ ነጭ ለባሹን ካንዲዳቱስ አሉት። እናንተም ፈተና ልትፈተኑ ስለሆነ ካንዲዴት ናችሁ። የአቶ ሞላም ስም በምርጫው ሰሌዳ ላይ ካንዲዴት ነው።» ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ።

በዚህም አላበቃም። ሻማ ካንዴላ የተባለው ስለሚያበራ ነው፤ ጣሊያኖቹ የሞተሩን እሳት ጫሪ በሻማው ስም ጠሩት፤ በእኛ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ረዳቶችም ከእነሱ ወሰዱት አለ። የሆዱን ሳይደብቅ የሚናገር ሰው ደግሞ ካንዲድ ይባላል አለ። ይህን ሁሉ ሲል ኮቱ ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ጠመኔ ሆኖ ነበር። ከክፍሉ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ካንዲዴት አልነበረም።

ለምሳ ቤት እንደገባሁ ለአጎቴ አንድ በአንድ አወራሁለት። ሽሮው እየቀዘቀዘ እሱ አፉን ከፍቶ ያዳምጠኛል።

«ነጭ ማለት የሆዱን የማይደብቅ ነው አልሽ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ መምህሩ እንደዚያ ነው ያሉት።»

«እኛ ጋ እኮ ውሸትም ነጭ ነው! ነጭ ውሸት ሲባል አልሰማም እንዴ ሰውዬሽ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገሩን ያዘው። «እሺ፣ እነዚህ ሮማውያን ነጩን ለብሰው ሕዝቡ ፊት እንዴት ነበር የሚቆሙት?»

«ዝቅ ብለው። እየዞሩ ሰውን በየስሙ እየጠሩ ይጨብጣሉ። ከውስጥ ሸሚዝ እንኳ አይለብሱም አሉ፣ የጦርነት ጠባሳቸው እንዲታይ።»

«እኔ ከውሻ ንክሻ በቀር ጠባሳ የለኝም፤ ሸሚዜን አላወልቅም። ዝቅ ማለቱን ግን ወድጄዋለሁ። ዝቅ ማለት በእኛ አገር እንዴት ነው?»

ይህን ጊዜ ነው ያ ያደገ ምላሴ የቀደመኝ። «ማደግደግ ነዋ!» አልኩት።

ለማያውቅ ልንገር። የእኛ ሰው ኩታውን እንዴት እንደለበሰ ታይቶ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አንድ ዓይነት ነው፣ ለቅሶ ሲቀመጥ ሌላ ነው። ትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ደግሞ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አዙሮ ያስራል፤ አደገደገ ይባላል። የጨርቅ ነጋዴ ሞላ፣ ያ ኩሩ፣ በገበሬ ፊት ሲያደገድግ ቢታይ ግራና ልቡ ይቀልጣል ብዬ አሰብኩ። እሱም ትንሽ አሰበና «አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላት አለሽ» አለኝ።

ኩታውን መርሳ ወንዝ ወስጄ በእንዶድ አጠብኩት። ሁለት ቀን አሰጣሁት። ሦስተኛው ቀን ከክፍል የለቀምኩትን የጠመኔ ስብርባሪ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ድርና ማጉ እስኪጠፋ ድረስ ቀባሁት። ጥለቱን ሳይቀር ደበቅሁት። ሮማውያኑ ጥለት ነበራቸው አልነበራቸውም አልጠየቅሁም፤ ሥራው ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለንግግሩ የመረጥነው የግራና ሰዎች የውሃ ተራ የሚደለድሉበትን ቀን ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚያ ቀን አይቀርም። እሱ በበቅሎ፣ እኔ ከኋላ በእግር፣ ሳይሞቅ ለመግባት ማልደን ወጣን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የፓፓያው ማሳ ሲያልቅ የሸንኮራው ይቀጥላል፣ ከሸንኮራው ቀጥሎ አዲስ የተጠጣ የሽንኩርት መደብ ሽታ ይመጣል። አጎቴ በቅሎው ላይ ሆኖ ንግግሩን ያጠናል። «የግራና ሕዝብ ሆይ! ድልድይ ያስፈልግሃል...» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ከኩታው ጭስ የመሰለ ነገር ይቦናል። እኔ ከኋላ ሆኜ እያስነጠስኩ ነበር የደረስኩት።

ሰዉ ሾላው ሥር ተሰብስቧል። የውሃ አባቱ ሼህ ይመር መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ ሣር ይቀነጥሳል። አጎቴ ከበቅሎ ወረደ፣ ኩታውን ከትከሻው አወረደ፣ ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረና እጁን አጣምሮ ቆመ። ጠመኔው ጸሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዲት ሴት «እናንተዬ፣ ማንን ገደለ?» ስትል ሰማኋት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካስ እንዲያ ነጭ ለብሶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በሽማግሌዎች ፊት አደግድጎ የሚቆም ሰው ጥፋት ያለበት ብቻ ነው! ይቅርታ ለማኝ ነው እንደዚያ የሚቆመው። እኔ የግራና ልጅ ሆኜ እንዴት ይህ ጠፋኝ? ሮም ሄጄ ግራናን ረሳሁት።

ሼህ ይመር እጃቸውን አነሱ። «ጀማው፣ ዝም በሉ። ሞላ አደግድጎ መጥቷል። ሽማግሌ ሊሰማው ነው። ቢስሚላህ። በል ሞላ፣ ምን አጠፋህ?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ምን ውስጥ ነው የከተትሽኝ ይላል። አፈር ልገባ ምንም አልቀረኝ።

«እኔ... የመጣሁት በምርጫው ነገር ነው ሼህ ይመር» አለ።

«ምርጫው ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ። ያደገደገ ሰው አስቀድሞ ጥፋቱን ነው የሚናገረው። አላጠፋሁም ካልክ ኩታህን ፍታና እንደ ወንዶቹ ተቀመጥ።»

ፈትቶ መቀመጥ ይችል ነበር። ስቆ ነገሩን ወደ ጨዋታ ማዞርም ያውቅበታል፤ ነጋዴ ነው። እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድም አየሁት። ከዚያ ዓይኑ አባቴ ላይ አረፈ። አባቴ ሣሩን መቀንጠስ አቁሟል፣ ግን ቀና አላለም። ንግግሩ፣ ድልድዩ፣ ሁሉም ከአፉ ጠፋ።

«ውሃውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከብት አልረገጠውም። ሽንኩርቴ ሊደርቅብኝ ሆነና በወንድሜ ተራ፣ በሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእነዚህ እጆቼ ነው የደፈንኩት። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። አራት ዓመት ሙሉ ዋሸሁት።»

አባቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ያን ጠዋት ነው ያወቅሁት። ድንጋዩ ከሥር፣ ሣሩ ከላይ፣ ጭቃው በተረከዝ ተጠቅጥቆ። እንዲህ አድርጎ ቦይ የሚደፍን ሰው ከእኔና ከአንተ በቀር ማን አለ? ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ ወንድም ዓለም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ!» አለ አባቴ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «በርበሬው ይድረቅ፣ በርበሬ ነው። የአንድ እናት ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ ከብት ነው ሲለኝ፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

አባቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አጎቴ እግሩ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል አባዬ ያንን የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ ዘሎ ያዘው። «ወንድሜ በፊቴ አያደገድግም» አለና የኩታውን ቋጠሮ ከወገቡ በገዛ እጁ ፈታ፤ ዘርግቶ ትከሻው ላይ ሊያለብሰው አንዴ አራገፈው።

ማራገፉን በተወው ኖሮ! ያ የእኔ ጠመኔ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁለቱም ነጭ ደመና ውስጥ ገቡ፤ ሲያስነጥሱ እንጂ ሲተቃቀፉ አልታዩም። የአባቴ ጢም እንደ መነኩሴ ነጣ። ሼህ ይመር ሳላቸው እስኪይዛቸው ሳቁና «ወላሂ ሞላ፣ ከሱቅ ነው ከወፍጮ ቤት የመጣኸው?» አሉት። ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ተንከተከተ። እኔ ግን ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ላይ ነበርኩ።

ምሳ በእኛ ቤት ተበላ። እናቴ በቶሎ የደረሰላትን አቀረበች፦ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ከመደቡ የተቀነጠሰ ቃሪያ። አባዬ መጀመሪያ ለአጎቴ አጎረሰው፤ ቃሪያው በዛና አጎቴ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ቃሪያው ነው» አለ። ማንም ሌላ ነገር ነው አላለውም። እኔ ያን ገበታ ሳይ ሆዴ ቅቤ ጠጣ፤ ያን ለማየት ነበር ስፈልግ የኖርኩት። የምርጫውን ንግግር ያስታወሰ አልነበረም። ወደ መርሳ ስንመለስ ብቻ ነው አጎቴ በቅሎዋን ቀጥ አድርጎ «ውይ! ድልድዩን ሳልነግራቸው!» ያለው።

ሆኖም ተስፋው ለመለመ። አሁን ግራና ያለ ጥርጥር የእኔ ነው አለ፤ ለአዲስ አበባ የሚሆን ሱፍ ሁሉ አስለካ። የምርጫው ቀን አለፈ፣ ውጤት ተነገረ። ከወልዲያ የተወዳደረ ሌላ ሰው አሸነፈ። መርሳ አጎቴን መርጧል፣ ከሐራም ደንበኞቹ አልከዱትም። የከዳው ግራና ነው።

በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ሄደ፤ እኔም ፈተናዬን ጨርሼ ስለነበር ተከተልኩት። አባዬ ቦዩ ዳር ቆሞ ውሃ ሲመራ አገኘነው።

«ሰዎቹ ይቅር አላሉኝም ማለት ነው?» አለው አጎቴ።

«ኧረ ብለውሃል።»

«ታዲያ ማን ነው ያልመረጠኝ?»

አባዬ አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለና ዓይኑን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ መለሰለት። «እኔ አልመረጥኩህም። ጎረቤቱንም እንዳይመርጥህ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

አጎቴ የበቅሎውን ልጓም ለቀቀ።

«አራት ዓመት አጥቼህ ኖርኩ» አለ አባዬ። «ካገኘሁህ ገና ወር አልሞላም። ለአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ አራት ዓመት ላበድርህ ነው?»

አጎቴ መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ሞከረው፣ እምቢ አለው። ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እስኪደክመው ሳቀ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ውሃው ውስጥ ገባና ከአባቴ ጋር ውሃውን ይመራ ጀመር። ሱፉ ተሰፍቶ መጣ፤ የለበሰው ግን ለእኔ ሠርግ ነው።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። እኔ አስተማሪ ሆኜ ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ምርጫ፣ ስንት ዕጩ አየሁ፤ ስንት ቲሸርት ታደለን። ሁሉም መጥተው የሚሠሩትን ይነግሩኛል። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ሲጨርሱ «ልጄ፣ ይህስ ይሁን፣ እስኪ ደግሞ ያጠፋኸውን ንገረኝ» እላለሁ። ይስቃሉ፣ እጄን ይጨብጣሉ፣ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋሉ። እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። አንድ ቀን እውነቱን የሚነግረኝ ቢመጣ እመርጠው ይሆን? እንጃ። እንደዚያ ያለውን ሰው አጠገቤ ማስቀረት ነው የሚያምረኝ።